የሞራጆች ጥንቸል

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ሰኞ የሃሊና ጠረጴዛ ይነሳል።»

ይህን ያለው ሬይ ነው። ያለውም ለሚስቱ ለሼሪል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ምድር ቤት ካለው ወጥ ቤታቸው ተቀምጦ ነው። የሰሙት ግን ፎቅ ላይ ያሉት እናቱ ወይዘሮ ብሮኒያ ናቸው። ቤቱ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ የታችኛው ማሞቂያ ሙቀቱን ወደ ላይ የሚልክበት ባለ ቀዳዳ ብረት ከወይዘሮ ብሮኒያ ምድጃ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ አለ። የሚልከው ደግሞ ሙቀት ብቻ አይደለም። ሬይ ተወልዶ ያደገበት ቤት ስለሆነ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ ሰው ግን ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በልጅነቱ ያወቀውን ይረሳል። ወይዘሮ ብሮኒያን ሰው ሁሉ ጆሯቸው ደክሟል ይላል፤ እሳቸውም አይከራከሩም። ጆሮው የደከመ ሰው ፊት ብዙ ነገር ይወራል። ቋሊማው የሚንጫጫበትን መጥበሻ ከእሳቱ አነሱና ጎንበስ አሉ።

«ከሌላ ሰው ከሰማች ጉድህ ነው» አለች ሼሪል።

«ከፋብሪካው የቤተሰብ ቀን በኋላ እኔው እነግራታለሁ። ምን ላድርግ? ሃሊና ከአስር ሽጉጥ ሰባቱን ትመልሳለች። ዘመመ ትላለች፣ አጋደለ ትላለች። አዲሱ የፍተሻ ካሜራ ግን አንድም አልመለሰ። ዛሬ ካሜራውን ለእንግዶች እናሳያለን፣ ሰኞ ጠረጴዛው ይነሳል። እሷም አብራ።»

«የአጎትህ ልጅ ናት እኮ፣ ሬይ።»

ሲኒ ሲቀመጥ ብቻ ተሰማ።

ሃሊና የወይዘሮ ብሮኒያ የሟች ወንድም ልጅ ናት። እዚህ ቤት የገባችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ሻንጣና አንዲት የታመመች ድመት ይዛ። ከሬይ ጋር በአንድ ብስክሌት እየተደባደቡ አደጉ። አሁን ሁለቱም ሃርግሬቭ ሽጉጥ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ እሱ መሐንዲስ ሆኖ ላይ መስታወት ቤት፣ እሷ ደግሞ ታች፣ እያንዳንዱ ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በምታየው በመጨረሻዋ ጠረጴዛ። እሑድ እሑድ ከወይዘሮ ብሮኒያ ጋር ሁሉም አንድ ላይ ይበላሉ። ፋብሪካውን ግን አያነሱትም። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ እንቁላል ደርዘኑ ስድስት ዶላር ስለ መግባቱ ያወራሉ፤ የእንቁላል ዋጋ ስንት እሑድ ከጸብ እንዳዳናቸው ወይዘሮ ብሮኒያ ቆጥረው አይዘልቁትም። ሬይ ግን ሚስጥሩን በሆዱ ይዞ ያቺኑ ልጅ ጨው አቀብዪኝ ሲል ከርሟል ማለት ነው። ይህን ሲያስቡ ቋሊማው ቀዝቅዞ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወይዘሮ ብሮኒያ የድሮ ነገር ሁሉ ወርቅ ነበር ከሚሉት ወገን አይደሉም። ሃርግሬቭ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሞረድ ይዘው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሲገጣጥሙ ኖረዋል፤ ሞረዱ ለምን እንደተያዘ ያውቃሉ። በእሳቸው ጊዜ ከማሽን የሚመጣው ብረት አንዱ ካንዱ አይገጥምም ነበር። ጠዋት የተሳለው መቁረጫ የሚሰጠው ልክ ሌላ፣ ከምሳ በኋላ ደንዞ የሚሰጠው ልክ ሌላ። የአንዱን ሽጉጥ ምላጭ አውጥቶ ሌላው ውስጥ መክተት አይታሰብም። ሞራጆቹ ሽጉጡን እያስጌጡት ሳይሆን ማሽኑ ያበላሸውን እያቃኑት ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማሽን ሺውን አንድ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ምላጩና መቺው ደግሞ ከብረት ዱቄት ቅርጽ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ እንደ ብስኩት በምድጃ ይጋገራል። ሌሎቹ ጡረተኞች ይህን ሲሰሙ ያማትባሉ። ወይዘሮ ብሮኒያ ግን አንድ ቀን ሃሊና ያሳየቻቸውን የተጋገረ ምላጭ በአውራ ጣታቸው ደባብሰው፣ «ከኔ ይሻላል፣ ምን ይደረግ» ብለዋል። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ድሮ አንድ ሽጉጥ በሰባት ሰው እጅ ያልፋል፤ ሰባት ሰው ያየዋል ማለት ነው። እጁ ሲቀነስ ዓይኑም አብሮ ተቀነሰ። የተረፈችው አንድ ዓይን ሃሊና ነበረች፤ እሷም እስከ ሰኞ።

ወይዘሮ ብሮኒያ ወደ ጓዳ ገቡና ከስኳሩ ጀርባ የገና ብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ሽጉጥ አለች። ጨርቁ እሳቸው በማያውቁት አጣጠፍ ታጥፏል፤ «አረጀሁ» አሉና ፈቱት። ጥንቸሏ ነበረች።

ጥንቸሏን የሠራት ካዚሚር የሚባል የሞራጆች አለቃ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። አፈሙዟን ሲያጠብቅ ሆን ብሎ አንድ ፀጉር አሳለፈው፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያም በዚያችው አንድ ፀጉር ወደ ግራ ዘመመች። ማንንም እንዳትጎዳ ጥይት የምትመታውን መርፌዋን አውጥቶ ቀዳዳውን በየደው። ከዚያ የእንጨት እጀታዋን ፈትቶ ከውስጥ በኩል ትንሽ ጥንቸል በመርፌ ጫረባትና መልሶ ገጠመው። በወር በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳያይ፣ ከደህናዎቹ ጋር ትሪ ላይ ትቀመጣለች። የመጨረሻዋ ተመልካች ካገኘቻት «ጥንቸል!» ብላ ትጮኻለች፣ አዳራሹ በሙሉ በሞረድ እጀታ ጠረጴዛ ይደበድባል። ካለፈቻት ደግሞ በማግስቱ ለአዳራሹ ሁሉ ዶናት ትገዛለች። ሕጉ ይኸው ነው፤ ስም አይጻፍም፣ ላይ ቤት ላሉት አለቆች አይነገርም፣ ማንም ከሥራ አይባረርም። ዶናት ብቻ።

ወይዘሮ ብሮኒያ ጡረታ ሲወጡ፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሴቶቹ ጥንቸሏን ወልውለው ሸለሟቸው። ሬይ ያኔ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ሽጉጧን ተቀብሎ አገላበጣትና «እማዬ፣ ከሠራሻቸው ሁሉ ምርጧ ይቺ ናት?» ሲል ጠየቀ። ወይዘሮ ብሮኒያ ሴቶቹን ጠቀስ አድርገው «እሷን የምታህል ተሠርታ አታውቅም» አሉት። ሴቶቹ ሳቅ አፈናቸው። በኋላ እነግረዋለሁ ብለው ነበር፤ ልጁ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ በኩራት ሲያወራ ሰሙትና ሊያፍርባቸው ነው ብለው ተዉት። ኩራቱ ደስ ብሏቸው ነበር ማለቱ ይበልጥ እውነት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። አሁን ጥንቸሏን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት፣ ላይዋ ላይ መሀረብና የሳል ከረሜላ ደረደሩባት። ያ የተመሰገነ ካሜራ ዶናት ሲገዛ ማየት አማራቸው።

በሬይ መኪና ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ሬይ ይነዳል፣ ሼሪል በመስኮት ወንዙን ታያለች፣ ወይዘሮ ብሮኒያ ከኋላ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሬይ በመስታወቱ አየት አደረጋቸውና «እማዬ፣ ዛሬ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ደስ የሚል ነገር» አለ። ወይዘሮ ብሮኒያ «ምን አልክ?» አሉና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሬይ «ምንም» ብሎ ተወው።

የፋብሪካው በር ላይ ኖርም ቆሟል፤ ጥበቃው፣ የድሮ ወዳጃቸው።

«ብሮኒያ! ገና አልሞትሽም?»

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«በይ ግቢ፣ ያው ቋሊማው ሳያልቅ።»

ሃርግሬቭ ውስጥ ሰው የሚፈተሸው ሲወጣ ነው። ሲወጣ ቦርሳ ይከፈታል፣ ኪስ ይዳበሳል፣ የምሳ ዕቃ ሳይቀር ተከድኖ አያልፍም። ሲገባ ግን ማን ይፈትሸዋል? ሽጉጥ ይዞ ሽጉጥ ፋብሪካ የሚገባ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። ወይዘሮ ብሮኒያ፣ ባለፈው ዓመት የተቀየረላቸው ጉልበት ከሚያስነክሳቸው በላይ እያነከሱ፣ ኖርምን አልፈው ገቡ። እንዴት እንደሚወጡ ገና አላሰቡበትም።

አዳራሹ ሰፍቶ ጠበቃቸው። በእሳቸው ጊዜ ሁለት መቶ ሰው የሚሠራበትና ጩኸቱ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ቦታ ነበር። ዛሬ ነጫጭ ማሽኖች በራቸውን ዘግተው በውስጣቸው ያጉረመርማሉ፤ ዘይት እንኳ አይሸትም። በመሀል ለእንግዶቹ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ቋሊማ፣ የድንች ሰላጣ፣ የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ኬክ። ግድግዳው ላይ የአዲሱ ሽጉጥ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ለመቶኛው ዓመት ተብሎ የድሮውን ሞዴል እንዳለ የሚደግም ነው፤ ዋጋው አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር። ወይዘሮ ብሮኒያ ያንኑ ሲሠሩት በስልሳ ስምንት ዶላር ይሸጥ ነበር። ፎቶውን አይተው «እንደ እንቁላሉ ነው» አሉና አለፉ።

ሃሊና በጠረጴዛዋ ቆማለች፤ መስኮቱ ሥር፣ ወይዘሮ ብሮኒያ ራሳቸው በነበሩበት ቦታ። ከፊቷ አሥራ ሁለት አዳዲስ ሽጉጦች በትሪ ተደርድረዋል፤ ለእንግዶች ካሜራ ሥር የሚያልፉት እነዚህ ናቸው።

«አክስቴ! ማን ይዞሽ መጣ?»

«ልጄ ነዋ። ፊቱን እንደ ተጨመቀ ሎሚ አድርጎ።»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«እንቁላል ተወደደበት።»

ሃሊና ከት ብላ ሳቀች። አታውቅም። ሰኞ ጠዋት የሚደርስባትን ሳታውቅ፣ ለዛሬ ብላ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ መጥታለች። ሃሊና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንዷን ሽጉጥ አነሳችላቸው። «እስቲ አንቺ እይልኝ። አላጋደለችም? እነሱ የለም ይሉኛል። ካሜራው ደህና ነው ይላል፣ የመለስኳቸውንም ይሸጧቸዋል። ራሴን ተጠራጥሬ ዓይን ሐኪም ሄድኩ እኮ! መቶ ስልሳ ዶላር ተቀብሎኝ ዓይንሽ የንስር ነው አለኝ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው?»

ወይዘሮ ብሮኒያ ሽጉጧን ወደ መስኮቱ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጋድላለች፤ ወደ ግራ፣ አንድ ፀጉር። ይህን መዝመም የት ነው የማውቀው አሉ በሆዳቸው። አስበው ሳይጨርሱ ፎቶ አንሺው ሃሊናን ጠራት፤ ከፍተሻ ካሜራው ጎን ቁሚ፣ ፈገግ በዪ አላት። ወይዘሮ ብሮኒያ በድሮ ወንበራቸው ተቀመጡ። ሦስተኛዋን ሽጉጥ ከትሪው አነሱና በሃሊና መሳቢያ ከተቱ፣ በቦታዋ ጥንቸሏን አስተኟት። ከዚያ አንድ የሳል ከረሜላ ጎረሱ።

ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ፕሬስኮት ከሁለት ዓመት በፊት ከማቀዝቀዣ ፋብሪካ የመጣ ሰው ነው፤ ስለ ሽጉጥ ሲያወራ አሁንም እጁ የማቀዝቀዣ በር የሚከፍት ይመስላል። ሰማንያ የሚሆኑ እንግዶች ተሰበሰቡ። ከፊት በተደረደሩት ወንበሮች ጡረተኞቹ ሴቶች ተቀመጡ። ሚስተር ፕሬስኮት ስለ መቶ ዓመት፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ነገ ተናገረ። «የሰው ዓይን ይደክማል፣ ይህ ዓይን ግን አይደክምም» አለና ካሜራውን መታ መታ አደረገው። ሃሊና አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

የመጀመሪያዋ ሽጉጥ ካሜራው ሥር ተቀመጠች። መብራት ዞረባት፤ አረንጓዴ በራና ትልቁ ሰሌዳ ላይ ዘጠና ሰባት ተጻፈ። ተጨበጨበ። ሁለተኛዋ ዘጠና ስድስት። ሦስተኛዋ ጥንቸሏ ነች። ወይዘሮ ብሮኒያ ለጩኸቱ ጉሮሯቸውን አዘጋጁ። መብራቱ ዞረ። አረንጓዴ። መቶ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሚስተር ፕሬስኮት ጥንቸሏን ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ አሳየ። «መቶ ከመቶ! እንዲህ ያለ ቁጥር አይተን አናውቅም! ይቺ ሽጉጥ አትሸጥም፤ መግቢያችን ላይ መስታወት ውስጥ ትቀመጣለች!» ጡረተኞቹ ሴቶች ያጨበጭባሉ። ወይዘሮ ብሮኒያ ሳቃቸው ሊፈነዳ ሲል መሀረባቸውን ነከሱ። አፋቸውን ሊከፍቱ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ፣ ካሜራው ጉድ ይፈላበታል። ሬይ ግን አጠገባቸው ቆሞ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«እንዴት መቶ ይመጣል?» አለ ለራሱ። «መቶ የሚያመጣው ናሙናው ራሱ ብቻ ነው።»

«የምን ናሙና?» አሉ ወይዘሮ ብሮኒያ። ጆሯቸው ደህና ሰምቷል።

ሬይ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከላቸው። «እሱን ነበር ዛሬ ልነግርሽ ያሰብኩት። ማሽኖቹ ሲቀየሩ የድሮውን ሥዕል በሙሉ ጥለውታል እማዬ፤ ወረቀት የለም። የድሮውን ሞዴል ስንደግም ልኩን ከየት እናምጣ? ከሁሉ የተሻለችውን ፈለግሁ። አንቺ ለጉልበትሽ ሆስፒታል ስትተኚ ያቺን የሠራሻትን ከቆርቆሮው ወስጄ ለካናት፤ መርፌዋ የወጣው ለሽልማት ስለተሰጠች መሰለኝ። ማሽኖቹም ካሜራውም የተማሩት ከሷ ነው። ከአሁን በኋላ የሚወጣው ሽጉጥ ሁሉ ያንቺ እጅ ነው ልልሽ ነበር።»

የወይዘሮ ብሮኒያ ሳቅ የገባበት ጠፋ። የጨርቁ አጣጠፍ ትዝ አላቸው። ከዚያ የቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ማሽኖቹ አልተሳሳቱም፤ የተሰጣቸውን መዝመም ፀጉር ሳያጎድሉ ሲደግሙ ከርመዋል። ካሜራውም የዘመመውን ደህና በል ተብሎ ተምሯል። ሃሊና የመለሰቻቸው ሰባቱ በጥንቸሏ ልክ በትክክል የተሠሩት ናቸው፤ ያሳለፈቻቸው ሦስቱ ደግሞ ማሽኑ ተሳስቶ ቀጥ ያደረጋቸው። ይህን ሁሉ ያመጣችው እሳቸው አንድ ቀን ሴቶቹን ጠቅሰው የተናገሯት አንዲት ቃል ናት። ልጃቸው ደግሞ ያቺን ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምኖ፣ ፋብሪካ ሠራባት። አሁን ቢጮኹ ሬይ በሰማንያ ሰው ፊት መሳቂያ ይሆናል፤ ምናልባትም እንጀራው ይሄዳል። ዝም ቢሉ ሃሊና ሰኞ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ትወጣለች። እድሜ ልካቸውን ነገር በማወቅ የሚመኩት ሴትዮ የትኛውን እንደሚመርጡ አላወቁም።

ሚስተር ፕሬስኮት ደስ ብሎታል፤ ቀልድ አማረው። «እስቲ ከአስር ሰባት የምትመልሰዋ እመቤታችንስ ምን ትላለች?» ብሎ ጥንቸሏን ለሃሊና ሰጣት። ሰዉ ሳቀ። ሃሊና ወደ መስኮቱ ሄዳ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷ እጀታው ላይ ቆመ። ይቺን ሽጉጥ ታውቃታለች፤ በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ሥራ በገባች በሦስተኛ ሳምንቷ አሳልፋት አሥራ ሰባት ደርዘን ዶናት ገዝታለች። ቀስ ብላ ዞረችና አክስቷን አየች። ከዚያ ሬይን አየች። አንድ ብስክሌት ላይ የተደባደቡ ልጆች የሚተያዩት አስተያየት ነበር፤ ላቡን አየች፣ ነገሩ በእሱ ላይ እንደሚወድቅ ገባት። ከዚያ ዶናት ወዲህ ሃሊና የዘመመ ነገር አሳልፋ አታውቅም፤ ግድግዳ ላይ የተጣመመ ፎቶ ካየች ሰው ቤት እንኳ ተነስታ ታቃናለች።

«ምንም አይወጣላትም» አለችና ጥንቸሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

ሬይ ዓይኑን ጨፈነ። ሰዉ ደግሞ አጨበጨበ። ወይዘሮ ብሮኒያ ያቺ ልጅ በቀለም ያማሩ ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ስትደብቅ አዩ፤ ከዚህ በላይ መታገሥ አቃታቸው።

«ጥንቸል!»

ድምጻቸው አዳራሹን ሰንጥቆ ሄደ። ከፊት ወንበር ከተቀመጡት ጡረተኞች አንዷ፣ ኤድና የምትባለው፣ ሳታስበው በምርኩዟ ወለሉን መታች። ቀጥላ ሌላዋ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩን ደበደበች። በአንድ ጊዜ ስድስቱም አሮጊቶች ያገኙትን ይደልቁ ጀመር። ሃሊናም እንባዋ እየወረደ በሞረድ እጀታ ጠረጴዛዋን ትቀጠቅጣለች። ሚስተር ፕሬስኮት የእሳት አደጋ ደወል መስሎት ወደ በሩ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ? ወይዘሮ ብሮኒያ፣ ደህና ነዎት?»

ወይዘሮ ብሮኒያ ከሃሊና ጠረጴዛ ካቻቪቴ አንስተው የጥንቸሏን እጀታ ፈቱና የተጫረችውን ትንሽ ጥንቸል አሳዩት። ቀጥለው ሁሉንም ተናገሩ፤ ካዚሚርን፣ ትሪውን፣ ዶናቱን። «ይቺ ሽጉጥ የተበላሸችው ሆን ተብሎ ነው፣ ሚስተር ፕሬስኮት። አንድ ፀጉር ዘማለች። የእርስዎ የማይደክመው ዓይን መቶ ሰጣት።»

«እንዴት ገባች?» አለ ሚስተር ፕሬስኮት። በሩ ላይ ኖርምን በኃይል ሳል ያዘው።

«እሱን ይተዉት። ለምን መቶ አመጣች ብለው ይጠይቁ።»

ማንም ሳይጠይቀው ሬይ ወደ ፊት ወጣ። «እኔ ነኝ። ማሽኖቹንም ካሜራውንም በሷ ልክ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከእናቴ ጓዳ ሳልጠይቃት ወስጄ።»

«ምርጥ ሥራዬ ናት ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ብሮኒያ። «ልጅ እናቱን ቢያምን ምን ያስገርማል?»

«እማዬ፣ ተይ፤ መለካት የኔ ሥራ ነበር።»

«አንተ ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲናገር!»

ከአሮጊቶቹ አንዷ ሳቀች። ሚስተር ፕሬስኮት ግን አልሳቀም፤ ቀስ በቀስ እየቀላ ነው። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ስለ ዘመመ ማነጣጠሪያ የተጻፉ የደንበኞች ደብዳቤዎች አሉ፤ ለሁሉም «በካሜራ ተረጋግጧል» ብሎ በፊርማው የመለሰው እሱ ነው። ወደ ሃሊና ዞረ። «አንቺ የመለስሻቸው … ሁሉም ዘመው ነበር?»

«ከፖላንዶች ክበብ ቅዳሜ ማታ ሰክሮ እንደሚወጣ ሰው» አለች ሃሊና፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ሰማንያው እንግዳ በአንድ ላይ ሳቀ፤ ግማሹ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ነው። ሚስተር ፕሬስኮት ስልኮቹን አየ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን መቶ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ፣ የማያመልጠውን ነገር አስቀድሞ ያሰበበት አስመስሎ ተናገረ። «እንግዲህ ይህ ነው ሃርግሬቭ! ማሽናችንንም እንፈትናለን። ሃሊና ቀጥ ያለ ሽጉጥ ትመርጣለች፣ ካሜራውም ከዚያ ይማራል። ጠረጴዛዋ ባለበት ይቆያል።» ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጎ ወይዘሮ ብሮኒያን ጠየቃቸው፤ «አሳላፊው ካሜራው ነው። ዶናቱን ማን ይገዛል ታዲያ?»

«ካሜራ ኪስ የለውም» አሉ ወይዘሮ ብሮኒያ። «ስም ግን አይጻፍም፣ ማንም አይባረርም። ሕጉን ሰምተዋል።»

ሚስተር ፕሬስኮት ሬይን አየት አደረገው። «ሰምቻለሁ» አለ።

ሃሊና «ጠረጴዛዬ ባለበት ይቆያል ማለት ምን ማለት ነው? ሊነሳ ነበር?» ብላ የጠየቀችው ሰዉ ወደ ኬኩ ከሄደ በኋላ ነው። ሬይ ፊቷ ቆሞ ነገራት። ወይዘሮ ብሮኒያ ራቅ ብለው የድንች ሰላጣ አነሱ፤ ከዚያ ሆነው ምንም አይሰማም፣ ግን ሃሊና የሬይን ደረት በቡጢ ስትመታው አዩ፣ ቀጥላም ግንባሯን እዚያው ደረቱ ላይ ስታሳርፍ አዩ። ሰላጣው ጨው ይጎድለዋል።

ሲወጡ ኖርም መንገዱን ዘጋባቸው። «ብሮኒያ፣ ቦርሳ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ያቺን ነገር እንዳታስወጪ። ፈቃድ የሌላት ሽጉጥ በዚህ በር አትወጣም፤ ስትገባ ደግሞ እኔ አላየሁም።»

ቦርሳው ውስጥ መሀረብና ከረሜላ ብቻ ነበር። ጥንቸሏ ሃሊና መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች፤ ሴቶቹ ተማክረው ቦታዋ እዚያ ነው ብለዋል።

  ወይዘሮ ብሮኒያ ወደ ቤት ሲገቡ ፎቅ ወጥተው የጠዋቱን ቋሊማ አሞቁት። ለሬይ ይቅርታ በለኝ ማለት ፈልገው ነበር፤ መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሦስት ጊዜ ከረሜላ ጎርሰዋል። አሁን ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉና በዚያ ባለ ቀዳዳ ብረት አጠገብ ተቀመጡ። ታች ሼሪል ሰሃን ታጥባለች። ሬይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ እርምጃው ቆመ፤ ልክ ከእሳቸው በታች።

«እማዬ» አለ ሬይ፣ ጮክ ሳይል፣ ሰው አጠገቡ ላለ ሰው በሚያወራበት ድምጽ።

ወይዘሮ ብሮኒያ ማኘክ አቆሙ።

«እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። ሰኞ ዶናት እገዛለሁ። ሃሊና የትኛውን ነው የምትወደው፣ ባለ ማርማላታውን ነው ባለ ቸኮሌቱን?»

የደከመ ጆሯቸውን አሰቡት፤ አሁንም ምን አልክ ማለት ይቻል ነበር። ሹካቸውን አስቀመጡና ወደ ወለሉ ጎንበስ አሉ።

«ባለ ማርማላታውን» አሉ። «ለኔም አንድ። ግማሹን ሒሳብ እኔ እችላለሁ፤ እኔም አሳልፌያለሁ።»